ከጆሮዬ ፊት ያለችው ቀዳዳ

መርሳ ላይ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ የዘር ውርስ ምዕራፍ በደረሰ ቁጥር የማደርጋት አንዲት ነገር አለች። ጠመኔውን አስቀምጣለሁ፣ ጸጉሬን ወደ ኋላ እሰበስባለሁ፣ ከዚያ ከፊት ረድፍ ጀምሬ በየወንበሩ እየዞርኩ ቀኝ ጆሮዬን አሳያለሁ። ጆሮዬ ከጉንጬ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ከላይ በኩል፣ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አለችኝ። ማንም አልበሳትም፤ አብራኝ ነው የተወለደችው። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ቀጥለው አንዱ የሌላውን ጆሮ መጎተት ይጀምራል፣ ከዚያ ክፍሉ ይታመሳል። ርእሰ መምህሩ ሁለት ጊዜ በመስኮት ብቅ ብለው ራሳቸውን ነቅንቀው ሄደዋል። እኔ ያን ትርምስ እወደዋለሁ። ሰው ስለ ጂን ከልቡ መስማት የሚጀምረው የራሱን ገላ መንካት ሲጀምር ነው።

ከዚያ ወደ ሰሌዳው ተመልሼ የቤተሰቤን ሥዕል እሥላለሁ። ወንዱ ካሬ ነው፣ ሴቷ ክብ። ቀዳዳዋ ያለችው ሰው በጠመኔ ይሞላል፣ የሌለችው ባዶውን ይቀራል። የአባቴ ታላቅ ወንድም ይሞላሉ፤ እሳቸው በሁለቱም ጆሮ ነው ያላቸው። እኔ እሞላለሁ። አባቴ ግን የለውም፤ ስለዚህ በካሬው መሐል አንዲት ነጥብ አደርግለታለሁ። «ጂኑን ተሸክሞታል ግን በሱ ላይ አልታየም፤ ለኔ አሳለፈው። እንዲህ ዓይነት ነገር ያጋጥማል» እላለሁ፣ በሙሉ ልብ። እናቴን ባዶ ክብ አድርጌ አልፋታለሁ። በየዓመቱ፣ ለየክፍሉ፣ ባዶ ክብ።

ይህን ሁሉ በራስ መተማመን ያገኘሁት ከአጎቴ ነው። ወላጆቼ ከወልድያ በላይ ካለው ደጋ፣ ጉባ ላፍቶ ውስጥ የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። አምስተኛ ክፍል ስደርስ ለትምህርት ወልድያ ወርጄ ባለሱቅ ከሆኑት አጎቴ ዘንድ አደግኩ፤ ቤተሰቡ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። የመጀመሪያ ቀን እጄን ይዘው ትምህርት ቤት ያደረሱኝ እሳቸው ናቸው። ደንበኛ ሲመጣ ከባንኮኒው ጋ ያቆሙኝና ጆሮዬን ከጆሯቸው አስጠግተው «ይዩት እስቲ፣ የቤታችን ማኅተም ነው! የኛ ቤት ልጅ ከነማኅተሙ ነው የሚወለደው» ይሉ ነበር። ስኳር ሊገዛ የመጣ ሰው ሁሉ ጆሮዬን አይቶ ነው የሚሄደው። እኔም በዚያች ቀዳዳ እየኮራሁ አደግኩ። ሳይንሱን ያነበብኩት በኋላ ነው፤ ኩራቱ ቀድሞ ገብቶኝ ነበር።

ሰውዬዬን ያገኘሁት ውርጌሳ ላይ ነው። ከደሴ ስመለስ ሚኒባሱ ቆመ፤ ሹፌሩ ቦኔቱን ከፍቶ እንደ ባዳ ያየዋል። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ወልድያ ጋራዥ የሚሠራ መካኒክ ነበር። ምንም ሳይናገር ጃኬቱን አውልቆ ለኔ ሰጠኝና መኪናው ሥር ገባ። ሲወጣ ፊቱ ግራሶ በግራሶ ሆኗል። ጉንጩን በክንዱ ሲጠርግ አየኋት። ከግራ ጆሮው ፊት ናት፣ ቁርጥ የኔን ቀዳዳ።

«አንተም አለህ!» ብዬ ጮኽኩ።

«ምን?»

«ቀዳዳ!»

ደንግጦ ተመልሶ መኪናው ሥር ሊገባ ሲል በእጅጌው ያዝኩት። ጸጉሬን ሰብስቤ የራሴን አሳየሁት። መንገደኛው ሁሉ ሳቀብን። መርሳ እስክንደርስ ስለ ጆሮ ብቻ አወራን፤ ማለት እኔ አወራሁ፣ እሱ ሰማኝ። ልቤን የወሰደው ያ መስማቱ ነው። ታዲያ ባዮሎጂ የማስተምር ሴት ሆኜ፣ ያቺ ቀዳዳ አንድ ቀን ጣጣ ታመጣብናለች ብዬ ለአፍታም አላሰብኩም።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በኅዳር፣ ሽማግሌዎች ላከ። ሠርጉ ለጥር ታስቦ ነበር። ወላጆቼ ቤት ተሰበሰብን። ሽማግሌዎቹ በአንድ ወገን፣ አባቴና አጎቴ በሌላ ወገን ተቀመጡ፤ እናቴ እንደ ልማዷ ሻሿን እስከ ጆሮዋ ታች ድረስ አጥብቃ አስራ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። እንግዲህ እኛ ዘንድ ሰው የሚጋባው ዘር ተቆጥሮ ነው። የሁለቱ ሰዎች ሐረግ ከሰባት ቤት ወዲህ ከተገናኘ ወንድምና እኅት ናቸው፣ አይጋቡም። በቤተሰባችን ቆጣሪው አጎቴ ናቸው። አቆጣጠራቸው በባቄላ ነው። ከኮታቸው ኪስ እፍኝ ባቄላ ያወጣሉ፤ አንድ ስም በተጠራ ቁጥር አንድ ባቄላ መደቡ ላይ ያኖራሉ። የኔ ወገን በአንድ ረድፍ፣ የሱ ወገን በሌላ ረድፍ ነው፤ መጀመሪያ በአባት፣ ቀጥሎ በእናት። አምስተኛው ቤት ላይ የሙስሊም ስም ተጠራ፣ ስድስተኛው ላይ ወደ ክርስቲያን ስም ተመለሰ። ወሎ ነውና ማንም ቀና ብሎ አላየም።

ሰባት ሞላ። የትም አልተገናኘንም። አክስቶቼ እልል አሉ። አጎቴ ደስ ብሏቸው ብድግ አሉና እጮኛዬን ሊስሙት ጎንበስ አሉ። አንድ ጉንጩን ሳሙ። ወደ ሁለተኛው ሊዞሩ ሲሉ ባሉበት ቀሩ።

«ይቺን ማን ሰጠህ?» አሉት።

«ምኗን አባቴ?»

«ይቺን፣ ከጆሮህ ፊት ያለችውን።»

«አብራኝ የተወለደች ናት። በእናቴ ወገን አሉ።»

አጎቴ ዞረው እኔን አዩ። ከዚያ ባቄላውን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «አንድ ቤት ተዘሏል» አሉ። «ይሄ ልጅ የኛ ነው። ማኅተማችን አለበት። እኅትና ወንድም ልናጋባ ነበር።»

ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። አጎቴ እስከ ገና ጊዜ ሰጡን፤ የተዘለለው ቤት ይፈለግ፣ ካልተገኘ ግን ልጅቱን ለወንድሟ አልድርም አሉ። ቄሱም እሳቸው ካልመሰከሩ ተክሊል እንደማይደፉልን ሁላችን እናውቃለን። ማዘጋጃ ቤት ሄደን ብንፈርምስ? አስቤዋለሁ። ግን እኔ ያለዚያ ሰውዬ ምርቃት የምዳር ሴት አይደለሁም። ስናደድ የማያቸው ጠላት ሆነው ነው፣ ትንሽ ቆይቼ ግን እጄን ይዘው ትምህርት ቤት በር ላይ የቆሙት ትዝ ይሉኛል። እጮኛዬ ወደ ወልድያ ሊሄድ ሲሰናበተኝ ጉንጬን ሊስም ጎንበስ አለና ተወው፣ እጄን ብቻ ጨበጠ። ያ መጨባበጥ አቃጠለኝ። ከዚያ በኋላ ነው ቀዳዳዋ የኛ ቤት ብቻ አለመሆኗን ላሳያቸው የተነሣሁት።

ከዚያ ሰኞ ጀምሮ የሰው ፊት ማየት ተውኩ፤ የማየው ጆሮ ብቻ ሆነ። ደብተር ገዛሁ። ከተማሪዎቼ መሐል ሦስት አገኘሁ፣ ወላጆቻቸውን ልጠይቅ በየቤቱ ሄድኩ። መርሳ መናኸሪያ ላይ አንዱን ረዳት «ጎንበስ በል እስቲ» ብዬ ጆሮውን ሳይ ሰው ሁሉ ቆሞ አየን፤ አለው! ከሐራ ሽንኩርት ይዘው የመጡ አንዲት እናት ሒጃባቸውን ትንሽ ገፋ አድርገው አሳዩኝ፤ አላቸው! ሳቁብኝ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ለዚህም ደብተር ተከፈተለት» አሉኝ። እጮኛዬም ጋራዥ ውስጥ የሹፌሮችን ጆሮ በስልክ እያነሣ ይልክልኛል። ከሥሩ «ይሄ ከቆቦ»፣ «ይሄ ከደሴ» ብሎ ይጽፋል። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ሠርጌ ሊፈርስ ነው፣ እኔ ግን በየቀኑ አዲስ ጆሮ ባገኘሁ ቁጥር እዘላለሁ።

አንድ ቀን ገበያ ላይ ዶሮ ሻጮቹ ጋ ቆሜ ነበር። ድርብ ኩክኒ ያለው፣ ማለት አናቱ ላይ ያለችው ቀይ ሥጋ ድርብ የሆነችለት አውራ ዶሮ ከነጠላው ይበልጥ እንደሚፈለግ ማንም ያውቃል። አንዷን ሻጭ ድርቡ ከየት ይመጣል አልኳት። «ካንዱ ወላጅ ከመጣ ይበቃል» አለች። «ደሞ ሁለቱም ድርብ ሆነው ነጠላ ጫጩት ይወጣቸዋል። ወደ አያቱ ሄዶ ነው።» አቅፌ ልስማት ምንም አልቀረኝም! እኔ ይህችን ነገር ለማስረዳት ሰሌዳ ሙሉ ፊደል እጽፋለሁ። ማንኛውም ፍጡር ለየባሕርዩ ሁለት ጂን ይይዛል፣ አንዱን ከአባት፣ አንዱን ከእናት። ዶሚናንት የሚባለው አንድ ብቻ ቢገኝም ይታያል፤ ድርቡ ኩክኒ እንደዚያ ነው። ሪሴሲቭ የሚባለው ደግሞ ተደብቆ ይኖርና ከሁለቱም ወገን ሲገናኝ ብቻ ብቅ ይላል። የጆሮዋ ቀዳዳ የመጀመሪያው ወገን ናት፤ ካንድ ወላጅ ብቻ ትመጣለች፣ አልፎ አልፎ አንዱን ትውልድ ሳትታይ ትዘላለች፣ አንዳንዴም ከማንም ሳትወረስ እንዲያው ትከሰታለች። ስለዚህ የአንድ ቤት ብቻ ልትሆን አትችልም።

ደብተሬን ይዤ ወልድያ፣ አጎቴ ሱቅ ገባሁ። መነጽራቸውን አድርገው ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበቡት። የሽንኩርቷን እናት አነበቡ፣ ረዳቱን አነበቡ፣ የቆቦውን ሹፌር አነበቡ። እኔ በደስታ እግሬ መሬት አልያዝ ብሏል። ደብተሩን ዘጉና «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» አሉኝ። «ዘመዶቻችን ይህን ያህል መበተናቸውን አላውቅም ነበር።»

ሱቁ ውስጥ ጮኽኩባቸው። ከዚያ ስለጮኽኩባቸው አለቀስኩ። እሳቸውም ተደናግጠው ቀዝቃዛ ለስላሳ ከፈቱልኝ፤ ሐሳባቸውን ግን አልቀየሩም።

በዚያው እናቴ ዘንድ ወጣሁ። ምስር ትለቅማለች። አጠገቧ ቁጭ ብዬ የሆዴን ዘረገፍኩት። የሚያናድደኝ፣ አልኳት፣ የጋሼ ሕግ ትክክል መሆኑ ነው! ዘመዳሞች ሲጋቡ ያ ተደብቆ የኖረው ክፉ ጂን ከሁለቱም ወገን ሊገናኝ ይችላል፤ ልጅ ሊታመም፣ ሊሞት ይችላል። በየቤቱ የጋራው ነገር በግማሽ በግማሽ እየቀነሰ ይሄድና ሰባት ቤት ላይ ሲደርስ ከምንም አይቆጠርም። አባቶቻችን ማይክሮስኮፕ ሳይኖራቸው እዚያ ደርሰዋል። ጋሼ የተሳሳቱት ሕጉን ሳይሆን ምልክቱን ነው።

«ልጅ ትገድላለች?» አለችኝ እናቴ።

«ማ?»

«ቀዳዳዋ። ልጅ ትገድላለች ወይ?»

«ኧረ እማዬ! ማንንም አትገድልም። ማጌጫ ናት።»

«ከእናትም ትመጣለች?»

«ምን ማለትሽ ነው! የሰው ነገር ሁሉ ግማሹ ከናት ነው። እኔም ግማሼ ያንቺ ነኝ።»

«ግማሽሽ?» አለች። ጣቶቿ ምስሩ ውስጥ ቆሙ። እኔ አሁንም ስለ አጎቴ ማማረሬን ቀጠልኩ።

ገና ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ። እጮኛዬ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፣ ፊቱ ግን የታመመ ሰው ፊት ነው። አጎቴ ባቄላቸውን እንደገና ደረደሩ። እንደገና ሰባት ሞላ። የትም አልተገናኘንም። «ቆጠራው ንጹሕ ይመስላል» አሉ፣ «ግን ማኅተሙ አለ። የተዘለለውን ቤት አላገኘነውም። እንግዲህ...»

«ጋሼ» አለች እናቴ።

ሁላችንም ወደ በሩ ዞርን። እናቴ በወንዶች ጉባኤ መሐል ስትናገር ሰምቼ አላውቅም።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እኔን ለወንድምዎ ሲያጩኝ ማን ነበር የቆጠረው?»

«እኔ ነኛ!»

«በባቄላ?»

«በባቄላ።»

«ስንት ቤት?»

«ሰባት ነው እንጂ! በአባትሽም በእናትሽም። እናንተ የውርጌሳ፣ እኛ የደጋ። ንጹሕ ነበር።»

«ይጠራጠራሉ?»

«ምን በወጣኝ!» አሉ አጎቴ፣ ትንሽ ቅር ብሏቸው።

እናቴ እጇን ወደ ኋላ ሰደደችና የሻሿን ቋጠሮ ፈታች። ሻሹን ጭኗ ላይ አኖረች። ሽበት የገባበትን ሹሩባዋን ከጆሮዋ ወደ ኋላ ገፋ አደረገችው። ከቀኝ ጆሮዋ ፊት፣ ከላይ በኩል፣ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አለች። ልክ የኔ ቦታ ላይ።

ጮኽኩ መሰለኝ። ከሐራ እስከ ውርጌሳ የሰው ጆሮ ስፈትሽ ከርሜ፣ ምስር ስትለቅም ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጬ፣ ያንን ሻሽ አንድም ቀን ገለጥ አድርጌ አላየሁም።

«ሠርጌ ዕለት ሊስሙኝ ጎንበስ ሲሉ ጆሮዎን አየሁት» አለች እናቴ ለአጎቴ። «እኔም አለችኝ። ዘመዳሞች ነን ብዬ ደነገጥኩ። ግን ቆርበን ነበር፣ አልቆ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻሼን ዝቅ አድርጌ አስራለሁ። የመጀመሪያ ልጄ ሲሞትብኝ በኔ ጆሮ ነው አልኩ። ይቺ ስትወለድ ቀዳዳዋን አይተው ማኅተማችን ሲሉ፣ ይሁን አልኩ፤ የናንተ ትባል። አሁን ልጄ አትገድልም ብላኛለች። እና ይንገሩኛ ጋሼ፤ እኔም እኅታችሁ ነኝ?»

ከምሰሶው ሥር አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ አውቃለሁ» አለ። «ከሠርጋችን ሳምንት ጀምሮ አውቃለሁ። እሷ ካልተናገረች እኔ ምን አገባኝ ብዬ ነው።»

እናቴ ዞራ አየችው። ያን አስተያየት ልጽፈው ሞክሬ አልቻልኩም፤ እነሱ ብቻ ይወቁት።

አጎቴ ተነሡ። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ወደ እናቴ ሄዱና እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጎንበስ ብለው አዩ። በጣታቸው የራሳቸውን ጆሮ ነኩ። ተመልሰው ባቄላቸው ፊት ቁጭ አሉ። እኔ እጮኛዬን አያለሁ፣ እሱ ባቄላውን ያያል።

«እንግዲህ» አሉ በመጨረሻ፣ «ወይ እኔ ዘር መቁጠር አላውቅም፣ ወይ ይቺ ቀዳዳ ማኅተም አይደለችም።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳል የያዘው መስሎ አፉን በጋቢው ሸፈነ።

«መቁጠርማ አውቃለሁ!» አሉ አጎቴ። ባቄላውን ሰብስበው ኪሳቸው ጨመሩና «ጥር በስንት ነበር ያላችሁት?» ብለው ሽማግሌዎቹን ጠየቁ።

እልልታው ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ከኔም ጭምር ሳይሆን አይቀርም። ሙሽራ ራሷ እልል አትልም አሉኝ በኋላ። እጮኛዬ ሽማግሌ ፊት መሆኑን ረስቶ ጆሮዬን ሳመኝ።

ግርግሩ በረድ ሲል እናቴ ዘንድ ሄጄ ተቀመጥኩ። ሻሹን መልሳ አላሰረችውም። ጣቷን ጆሮዬ ላይ አኖረች።

«ግማሽሽ ነው ያልሽኝ?» አለች።

«ግማሼ። ይቺ ቀዳዳ ግን ሙሉ በሙሉ ያንቺ ናት።»

በሳይንሱ ምናልባት ማለት ነበረብኝ፤ በአባቴ በኩል ተደብቃ የመጣች ልትሆንም ትችላለች። ምናልባት አላልኩም፣ አልልምም።

ከገና በኋላ ባለው ሰኞ ክፍል ገብቼ፣ ያለፍነውን ምዕራፍ እንደገና ከፈትኩ። ካሬና ክቦቼን ሣልኩ። በአባቴ ካሬ ውስጥ የነበረችውን ነጥብ ተውኳት። ከዚያ የእናቴን ክብ መሙላት ጀመርኩ። ከፊት ረድፍ አንዷ ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እናትዎ ባዶ ነበሩ እኮ!»

«ተሳስቼ ነው» አልኳት። «ሳልጠይቃት ነው ባዶ ያደረግኳት።» ክቧንም ጠመኔው እጄ ላይ እስኪሰበር ሞላኋት።